ትናንት የሚባል ቅመም

አንድ ስጎ ሳሳድድ ሰባት ወር አለፈኝ። ሰው በሰባት ወር መንጃ ፈቃድ ያወጣል፣ ቋንቋ ይጀምራል፣ ይፋቀራል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። እኔ ፍሪጄን በትናንሽ ብልቃጥ ሞላሁት። በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ፕላስተር ለጥፌያለሁ፤ ከ1 እስከ 19። ሁሉም ቡናማ ናቸው፣ ሁሉም ይጣፍጣሉ። አንዳቸውም ግን እሱን አይደሉም።

«እሱ» የምለው ሲያትል ውስጥ፣ ከምንኖርበት አፓርታማ ሁለት ፌርማታ ርቆ የነበረ የአንድ ትንሽ ጃፓን ምግብ ቤት የቴሪያኪ ስጎ ነው። ጃፓን ምግብ ቤት ስላችሁ የወረቀት ፋኖስና የቀርከሃ መጋረጃ እንዳይመጣባችሁ። ስድስት ጠረጴዛ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የሚንጫጫ መጥበሻ፣ ግድግዳው ላይ ፀሐይ ያደበዘዘው የምግብ ፎቶ፣ በቃ። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ ኮሪያዊት ሴት ናቸው። ምግቡ በነጭ የፎም ሣጥን ነው የሚመጣው፦ በአይስክሬም ማውጫ የተድበለበለ ሩዝ፣ ተጠብሶ በስሱ የተከተፈ የዶሮ ታፋ፣ ጥጉ ላይ ጥሬ ጎመን፣ ከላይ ደግሞ ያ ስጎ።

እኔ አሜሪካ የመጣሁት በ13 ዓመቴ ነው። እማዬ ያኔ የምትሠራው ሌሊት ነበር፤ ጽዳት። ደመወዝ የገባ ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ ካልሆነ፣ ጾምም ካልገባ፣ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት አንድ ሣጥን ገዝታ ትመጣለች። አንድ ሣጥን ለሁለት ሰው። ዶሮውን ወደኔ ትገፋና እሷ ስጎ የነካውን ሩዝ ትበላለች። «እኔን ሩዙ ነው የሚጥመኝ» ትላለች። አምናት ነበር። እውነት ለመናገር እስከ ሃያዎቹ ዕድሜዬ አምኛታለሁ።

ባለፈው ዓመት በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ጡረታ ወጥተናል፣ እናመሰግናለን ይላል። በመጨረሻው ሳምንት ሄጄ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ እንደምንም ደፍሬ «ስጎው ውስጥ ምንድን ነው ያለው?» አልኳቸው። ሴትዮዋ አልተቆጡም፣ ሳቁ። በጣታቸው እየቆጠሩ በእንግሊዝኛ «ሶያ ሶስ። ስኳር። ዝንጅብል። ነጭ ሽንኩርት» አሉኝ። አምስተኛው ጣት ላይ ደርሰው ትንሽ አሰቡና «ትናንት» አሉ።

ትናንት? ቋንቋው አልመጣላቸው ብሎ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ሰው ያልገባውን ነገር ሲሰማ እንደሚያደርገው አንገቴን ነቅንቄ፣ አመስግኜ ወጣሁ። አራቱን ስልኬ ላይ ጻፍኩ። አምስተኛውን ተውኩት።

*

ይህ ጽሑፍ ስለ አንድ ጓዳ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን አልወስድም ነበር። በሰባቱ ወር ውስጥ ከስጎው ጎን ለጎን አንድ የጽሑፍ ዓይነት አብዝቼ አነበብኩ። እንደ ልብ ወለድና እንደ ግጥም የራሱ ወግ፣ የራሱ አገባብ፣ የራሱ ውሸት ያለው ነው፦ «ከምግብ ቤቱ ቁርጥ» የሚባለው የምግብ አሠራር ጽሑፍና ቪዲዮ። ማንም ስለማይተቸው እኔ ልሞክር።

የመጀመሪያው ወጉ «ምስጢሩ» ነው። ሁልጊዜ አንድ ምስጢራዊ ቅመም አለ። አናናስ ጭማቂ ነው ይልሃል አንዱ። የለም ኮካ ኮላ ነው ይላል ሌላው። ማር፣ የሰሊጥ ዘይት፣ ብርቱካን ልጣጭ። ምስጢር የሚባለው ነገር ምንጊዜም ከሱቅ የሚገዛ ዕቃ መሆኑን ልብ በሉ። የሃያ ዓመት ልምድ ምስጢር ሆኖ አያውቅም። እሳቱ ምስጢር ሆኖ አያውቅም። እኛ ቤት «ሙያ በልብ ነው» ይባላል። ተረቱ ባለሙያ አፏን ሞልታ አትናገርም ለማለት ነው፤ እኔ ግን ሌላም ነገር እሰማበታለሁ። ሙያው ያለው ሰውዬው ውስጥ ነው፣ መደርደሪያው ላይ አይደለም። አማርኛ ስለ ጥሩ ምግብ ሲናገር ዞሮ ዞሮ ወደ ሰው ይመለሳል። «እጇ ይጣፍጣል» እንላለን እንጂ «ዝርዝሯ ይጣፍጣል» አንልም።

ሁለተኛው ወግ «ከምግብ ቤቱ ይበልጣል» የሚለው ነው፤ ያውም በ15 ደቂቃ። ይሄ አባባል ሲደጋገም እንደ ቀልድ ይታለፋል፤ ውስጡ ግን ንቀት አለ። ሰው ዕድሜ ልኩን ቆሞ ያበሰለውን አንተ ከሥራ ተመልሰህ ካልሲህን ሳታወልቅ ትበልጠዋለህ ማለቱ ነው። ቪዲዮዎቹን ደግሞ እዩዋቸው፤ ካሜራው ከላይ ነው፣ ከታች ሁለት እጆች ብቻ ይታያሉ። ንጹሕ፣ ጥፍራቸው የተስተካከለ፣ ፊት የሌላቸው እጆች። የሴትዮዋ ክንድ ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ የዘይት ፍንጣሪ ጠባሳ ነበረው። እንደዚያ ያለ ክንድ የትኛውም ቪዲዮ ላይ አላየሁም።

ሦስተኛው ወግ «ትክክለኛው» ነው። አንዱ ጽፎ ሳይጨርስ ሌላው ተነሥቶ ይሄ የጃፓን አይደለም ይላል። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት አለብን፤ ምክንያቱም ተከራካሪው እውነቱን ነው። እውነቱን ሆኖ ግን ነጥቡን ስቷል።

*

«ቴሪያኪ» ከሁለት ቃል የተሠራ ነው። «ቴሪ» ማብረቅረቅ፣ ወዝ ነው፤ «ያኪ» መጥበስ። ጃፓን ውስጥ ቃሉ በመጀመሪያ የሚናገረው ስለ አጠባበሱ ነው። ሶያ ሶስ፣ ሚሪን የሚባለው ጣፋጭ የሩዝ መጠጥ፣ ሳኬና ጥቂት ስኳር ይዋሃዱና ዓሣው ወይም ሥጋው እየተጠበሰ ሳለ እየተቀባ ወዝ እስኪያወጣ ይገላበጣል። ለብቻው በጎድጓዳ ዕቃ ቀርቦ ሩዝ ላይ የሚደፋ ወፍራም ስጎ የዚያ ባህል ዋና ነገር አይደለም።

የሲያትሉ ታሪክ ሌላ ነው። በ1976 (እ.ኤ.አ.) ቶሺ ካሳሃራ የሚባል ከጃፓን የመጣ ሰው ኩዊን አን በሚባለው ሰፈር ትንሽ ቤት ከፈተ። ዶሮ ይጠብሳል፣ ሩዝ ያደርግበታል፣ በርካሽ ይሸጣል። ስጎውን ያጣፈጠው ደግሞ ውድ በሆነው ሚሪን ፈንታ በስኳር ነው። ነገሩ ያዘ። ከሱ ቤት የወጡ፣ ከሱ ያዩ፣ ከነሱም ያዩ ሰዎች ከተማውን ሞሉት። በኋላ ብዙዎቹን ቤቶች የኮሪያ ቤተሰቦች ያዟቸው፤ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉም በረታ። ዛሬ ሲያትል ውስጥ ቴሪያኪ ማለት የሠራተኛ ምሳ ነው። የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ ግንበኛው፣ ተማሪው፣ የማታ ፈረቃ የምትገባዋ እናት የሚበሉት።

ታዲያ ሐሰተኛ ነው? ጥያቄውን ወደ ቤታችን ላዙረው። እማዬ የመጀመሪያውን እንጀራ እዚህ አገር ስትጋግር ጤፍ ውድ ነበር። ትንሽ ጤፍ፣ ገብስ፣ ከሱፐርማርኬት የተገዛ የስንዴ ዱቄት ቀላቅላ ነው ያቦካችው። ምጣዱ የኤሌክትሪክ ነው። ዓይኑ ጥሩ ወጣ፣ ከሥር ግን ትንሽ ይለጠጣል። አንድ ሰው ቤታችን ገብቶ «ይሄ እንጀራ አይደለም» ቢላት ኖሮ እኔ ነኝ በሩን የማሳየው። ካሳሃራ ሚሪኑን በስኳር ሲተካ ያደረገው እማዬ ጤፉን በስንዴ ስትተካ ያደረገችውን ነው። ስደተኛ ወጥ ቤት ውስጥ ገብታችሁ ትክክለኛውን ስትፈልጉ ያለውን ነገር ታጣላችሁ። «በአገሩ እንዲህ አይሠራም» ከማለት ይልቅ «ይህን የሠራው ሰው ምን አጥቶ፣ ምን አግኝቶ ነው?» ማለት የተሻለ የሂስ ጥያቄ ይመስለኛል።

*

ቁጥር 8 እና 9 ላይ ተስፋ ስቆርጥ አንድ ፊልም ደግሜ አየሁ፤ የጁዞ ኢታሚን «ታምፖፖ»፣ የ1985 ሥራ። ያላያችሁ እዩት፤ ስትራቡ ግን እንዳታዩት። ታምፖፖ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጅ የምታሳድግ፣ ደካማ የራመን ቤት ያላት ሴት ናት። ጎሮ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ቤቷ ገብቶ ይበላና፣ እንደ ካውቦይ ፊልም ጀግና፣ ሴትዮዋን ሳያቃና ላይሄድ ይወስናል። ሌሎች ቤቶች እየዞሩ ይቀምሳሉ፣ ይሰልላሉ፣ የሰው መረቅ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ይሹለከለካሉ። ባጭሩ ፊልሙ እኔ የማደርገውን ነው የሚያደርገው፤ የሌላ ሰው ድስት ማሳደድ።

ልዩነቱ ኢታሚ ሥራውን አለመደበቁ ላይ ነው። ታምፖፖ ትሮጣለች፣ ውኃ የሞላ ከባድ ድስት እያነሣች ከአንዱ ወደ ሌላው ትገለብጣለች፣ ሰዓት ተይዞላት ትፈተናለች። ፊልሙ ያሾፋል፣ ግን ሥራው ላይ አይደለም የሚያሾፈው። እውቀት በመጀመሪያ በምላስ፣ ከዚያ በጀርባና በክንድ እንደሚገባ ያሳያል። የመጨረሻው ፈተና ላይ ደግሞ ውጤት የሚነገር ቃል የለም። ወንዶቹ ጎድጓዳ ሳሕኑን አንሥተው መረቁን ጥርግ አድርገው ይጠጣሉ፣ ባዶው ሳሕን ይታያል። የምግብ ሂስ ከዚህ በላይ ምን ሊጽፍ ይችላል?

የማልረሳውና የማልወደው ትዕይንት ግን ሌላ ነው። ከዋናው ታሪክ ጋር አይገናኝም። አንድ ባል እየሮጠ ቤቱ ይገባል፤ ሚስቱ ልትሞት ነው። እንዳትሄድበት ሲል እራት ሥሪ ይላታል። ትነሣለች። እየተንገዳገደች ሩዝ ትጠብሳለች፣ ታቀርባለች፣ ሲበሉ አይታ ፈገግ ትልና እዚያው ትሞታለች። አባትየው እያለቀሰ ልጆቹን ብሉ ይላቸዋል፤ እናታችሁ የመጨረሻ የሠራችው ነው፣ ሳይቀዘቅዝ ብሉ።

ፊልሙን መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲ ስናየው ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ዘንድሮ ሳየው ሳቁ አልመጣም። እናቱ ቆማ ስታበላው ያደገ ሰው ያን ትዕይንት እንደ ቀልድ ብቻ ሊያየው አይችልም። ኢታሚ ያሾፈው እናት ሞት አፋፍ ላይ ሆና እንኳ ማጀት እንድትገባ በሚጠብቅ ቤት ላይ ነው ብዬ ልተረጉመው እችላለሁ። ግን ካሜራው የሴትዮዋን ፈገግታ ሲያሳይ ይሄን ፍቅር ብሎ እንድንቀበለው የፈለገም ይመስላል። ሁለቱንም ነው የሚፈልገው፤ እኔን የከበደኝም እሱ ነው። ምክንያቱም «እኔን ሩዙ ነው የሚጥመኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገርም ሁለቱንም ነው። ፍቅር ነው፣ ውሸትም ነው።

*

ቁጥር 19ን ይዤ እማዬ ጋ የሄድኩት ከትንሣኤ በኋላ ነው። እስከዚያ አላስቀመስኳትም ነበር፤ አንደኛ ሁዳዴ ነበር፣ ሁለተኛ «አገኘሁት» ብዬ ላስደንቃት ፈልጌ ነው። ኋላ ሳስበው ዋናዋ የስጎው አዋቂ እሷ ናት። ዶሮውን የበላሁት እኔ ነኝ። እሷ ዓመታት ሙሉ የበላችው ስጎውን ብቻ ነው።

ሩዝ ቀቀልኩ፣ ታፋውን ጠበስኩ፣ ስጎውን ደፋሁበት። በማንኪያ ጫፍ ሩዙን ብቻ ቀመሰች። ዝም አለች። እንደገና ቀመሰች።

«ጥሩ ነው» አለች።

«ግን?»

«ግን ምንም። ጥሩ ነው አልኩሽ።»

«እማዬ ሙች?»

ማንኪያውን አስቀመጠች። «ዛሬ የተወለደ ነው» አለች። «እርሾ የለውም።»

ሳቅኩ። እማዬ፣ ይሄ እኮ ስጎ ነው፣ ሊጥ አይደለም አልኳት። እሷ ግን ቀጠለች። ሴትዮዋ ጋ ለመግዛት ስትሄድ ከመስኮቱ ጋ ቆማ ታያቸው ነበር። ዶሮው ተዘፍዝፎ ያደረበትን ወደ ትልቁ ድስት ይገለብጡታል፣ ይፈላል፣ አረፋውን ይገፉታል። መጥበሻው ላይ የቀረውን ወዝ ጠርገው እዚያው ይከቱታል። ድስቱ ባዶ ሆኖ አይታ አታውቅም። «ማታ ሲዘጉ ከሥሩ ያስቀሩ ነበር። ለነገ።»

ትናንት።

ሴትዮዋ ቋንቋ አላነሳቸውም ነበር። ጠይቄያቸው ልቅም አድርገው፣ በቅደም ተከተል፣ በአምስት ጣት መለሱልኝ። እኔ ነኝ አራቱን ሰምቼ አምስተኛውን በተሰበረ እንግሊዝኛ ያሳበብኩት። ይሄ ነገር ለምን እንዳንገበገበኝ ልንገራችሁ። እማዬ በመሥሪያ ቤቱ፣ በሐኪም ክፍሉ፣ በባንኩ መስኮት ስትናገር ሰዎች ፊት ላይ የሚመጣውን ነገር አውቀዋለሁ። ያ ትዕግሥተኛ ፈገግታ፣ ያ ነቅነቅ። ከ13 ዓመቴ ጀምሮ ስጠላው የኖርኩት ፊት ነው። በዚያች ቀን እሱን ፊት ለብሼ ቆሜ ነበር። ሰባት ወር የፈጀብኝ ቅመም አልነበረም፤ ሰው አለማዳመጥ ነው።

*

ነገሩ ሲገባኝ ንባቡ ተከፈተልኝ። ጃፓን ውስጥ ይሄ የታወቀ አሠራር ነው። እንደ እባብ የረዘመውን ኡናጊ የሚባል ዓሣ የሚጠብሱ ቤቶች «ታሬ» የሚሉትን የመንከሪያ ስጎ አይጨርሱትም። ዓሣው ይነከርበታል፣ ወዙን ይተውለታል፣ የጎደለው በአዲስ ይሞላል። ድስታችን የአያት ቅድመ አያት ነው፣ ከጦርነቱ በፊት የነበረ ነው የሚሉ ቤቶች አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ተጠራጣሪ «መቶ ዓመት የሆነው ስጎ ውስጥ የመቶ ዓመቱ ጠብታ የት አለ?» ሊል ይችላል። ሒሳቡን ከሠራነው የለም ማለት ይቻላል። በየቀኑ ግማሹ ተቀድቶ ግማሹ ቢሞላ፣ በአሥረኛው ቀን ከመጀመሪያው የሚቀረው ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ታዲያ ምንድን ነው የሚተላለፈው? እርሾን ጠይቁ። ካለፈው ቡኮ ላይ ያስቀረነው ያ ቢጫ ውኃ የድሮውን ጤፍ ተሸክሞ አይመጣም። ሕይወቱን ነው ይዞ የሚመጣው።

ንጽጽሩ እስከ መጨረሻው እንደማይሄድ ግን ማመን አለብኝ። እርሾ ሕያው ነው፣ ስጎው ግን ይፈላል፤ የፈላ ነገር አያቦካም። የስጎው «ትናንት» ሌላ ነው። ከቆዳውና ከአጥንቱ አካባቢ የሚወጣው ጄላቲን ያወፍረዋል፣ ያንን «ቴሪ» የተባለ ወዝም ይሰጠዋል። እሳት የነካው ስኳርና ሥጋ የሚሠሩት ጠረን በየቀኑ ይደራረብበታል። ሶያ ሶሱ ራሱ አኩሪ አተርና ስንዴ በሻጋታና በጨው ውኃ ለወራት ቦክተው የሚወጣ ነው። የቶኪዮው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ በ1908 ከኮምቡ የባሕር አረም ለይቶ «ኡማሚ» ብሎ የሰየመው ጣዕም ሶያ ሶሱም ውስጥ በብዛት አለ። ዶሮው ደግሞ በየቀኑ የራሱን ይጨምርበታል። እኔ ከ1 እስከ 19 ያደረግኩት በስታርች ማወፈር ነበር። በስታርች የወፈረ ስጎ ያብረቀርቃል፤ ምላስ ላይ ግን ሙጫ ነው።

ለመሞከር ለምትፈልጉ፣ አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። አንድ ስኒ ሶያ ሶስ፣ አንድ ስኒ ስኳር፣ ግማሽ ስኒ ውኃ፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት። አፍልቼ አቀዘቅዘዋለሁ፤ ቆዳው ያልተገፈፈ የዶሮ ታፋ በግማሹ ዘፍዝፌ ፍሪጅ ውስጥ አሳድራለሁ። በማግስቱ ዶሮው ይወጣል፤ መዘፍዘፊያው ከተቀመጠው ግማሽ ጋር ተቀላቅሎ ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ በደንብ ይንተከተካል (ጥሬ ዶሮ የነካ ነው፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም)፤ አረፋው ይገፈፋል። ዶሮው ከተጠበሰ በኋላ መጥበሻው ላይ የቀረው በጥቂት ውኃ ተፍቆ ይገባበታል። በወንፊት ይጠለላል። ከተበላ በኋላ የቀረው ሳይነካካ በብልቃጥ ወደ በረዶ ቤት ይገባል። በሚቀጥለው ሳምንት የሱ ተራ ነው፤ አዲሱ ሲፈላ እሱም አብሮ ይፈላል። የመጀመሪያው ሳምንት አያስደስትም። አራተኛው ሳምንት ላይ አንድ ነገር ይጀምራል።

*

ጽሑፉን እዚህ ላይ ብዘጋው ያምር ነበር። ግን አንድ የቀረ አለ።

ብልቃጦቹን ሳጥብ፣ ቁጥሮቹን ከላያቸው ላይ ስልጥ፣ ማስታወሻዬን አየሁት። 41 ገጽ። ግራሙ፣ ደቂቃው፣ የሶያ ሶሱ ዓይነት ሳይቀር ተጽፏል። ስማቸውን እንኳ ለማላውቅ ሴት ስጎ 41 ገጽ። ለእማዬ ዶሮ ወጥ አንድ መስመር የለኝም። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ስንት ሰዓት እንደሚቁላላ አላውቅም። በርበሬውን መቼ እንደምታገባ፣ ለምን አንዳንዴ ውኃ ጠብ አድርጋ አንዳንዴ እንደምትተው አላውቅም። አሥራ ሁለቱን ብልት በትክክል ማውጣት አልችልም። ሁልጊዜ ስለነበረ ሁልጊዜ ያለ መስሎኝ ነው። የሴትዮዋ ቤት ባይዘጋ ኖሮ የሳቸውንም ስጎ አልጠይቅም ነበር። ሰው የሚያሳድደው የተዘጋ በር ነው፤ ክፍቱን ዘው ብሎ ገብቶ በልቶ ይወጣል።

እንግዲህ «ከምግብ ቤቱ ቁርጥ» ለሚለው የጽሑፍ ዓይነት ያለኝ የመጨረሻ ሂስ ራሴንም ይጨምራል። ያ ጽሑፍ የሚነሣው ከናፍቆት ነው፤ በናፍቆቱ አልስቅም። ችግሩ ናፍቆቱን በዕቃ ዝርዝር ሊያስታግሰው መሞከሩ ነው። የናፈቀን ጣዕም ውስጥ ሁልጊዜ የቆመ ሰው አለ፤ ዝርዝሩ ደግሞ መጀመሪያ የሚያወጣው ሰውየውን ነው።

ባለፈው ወር አንዱን ብልቃጥ ለእማዬ ሰጠኋት። በሳምንቱ መለሰችልኝ፤ ሞልታ። ጠብሳበታለች፣ አፍልታዋለች፣ ጨምራበታለች። ቀመስኩት። የሴትዮዋ አይደለም። የኔም አይደለም። ከሥሩ አንድ የማውቀው ነገር አለ፣ ግን ስሙ አልመጣልኝም።

«ምን ጨመርሽበት?» አልኳት።

«ሙያ በልብ ነው» ብላ ሳቀች።

ቅዳሜ ጠዋት ሽንኩርት እንድከትፍላት ቀጥራኛለች። ሚዛኑን ላምጣ ወይ ስላት፣ ቢላዋዬን ብቻ ይዤ እንድመጣ ነገረችኝ።